ተመልሰው ያልመጡት ሽማግሌዎች

ሞጣ፣ ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለጁማና ሐምዱ
ሃይደራባድ፣ ህንድ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ።

ልጄ፣ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ጠዋት ጠዋት ጉልበቷን ታማርራለች፤ ጉልበቷ ሲሻላት እኔን ታማርራለች። ሱቁም ቆሟል፣ እኔም ቆሜአለሁ። ኢንተርኔቱ ገና ስላልተለቀቀ ይህን በእጄ ጽፌ ለምናለ ሰጥቼዋለሁ። ዛሬ ወደ አዲስ አበባ ይነሳል፤ እዚያ የአጎትሽ ልጅ አብዱራዛቅ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ጽሑፌ ካልታየሽ አጉልተሽ አንብቢው፤ እኔን ግን እንዳታጎዪብኝ፣ እርጅናዬ ይታያል።

አብዱራዛቅ በስልክ ያነበበልኝን መልእክትሽን በቃሌ ይዤዋለሁ። አጭር ስለሆነ አላስቸገረኝም። «አባዬ፣ አሳፈርከኝ። የሙሐመድሸሪፍ ቤተሰቦች ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን አንስተውት አያውቁም። ስመረቅ እዚሁ ሥራ እፈልጋለሁ፤ ሞጣ አልመለስም።» ይኸው ነው። ሰላምታ እንኳ የለውም።

መጀመሪያ ተቆጣሁ። ቀጥሎ ግራ ገባኝ። እኔ እኮ ሦስት ወር ሙሉ ሰዎቹ ይመለሳሉ ብዬ እየጠበቅሁ ነበር!

እስቲ ከመጀመሪያው ላንሳው። ረመዳን ሊገባ ሰሞን ጨርቅ ልገዛ አዲስ አበባ በወረድሁ ጊዜ፣ በአብዱራዛቅ ስልክ ከልጁ ከሙሐመድሸሪፍ አጎት ጋር አገናኘሽኝ። ሰውየው ነጭ ለብሰው፣ ጺማቸውን አበጥረው፣ ከኋላቸው ሦስት ሰው አስቀምጠው አየሁ። ደስ አለኝ። በስልክም ቢሆን ወጉን አውቀዋል አልሁ። «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ፤ አንቺም ተረጎምሽልኝ። እኔም አባቴ ያሉትን፣ አያቴ ያሉትን፣ በዚህ አገር ሴት ልጅ ያለው ሰው ሁሉ የሚለውን አልሁ። «ልጃችን ገና ልጅ ናት። እናንተንም አናውቃችሁም። ዘመድ አዝማድ እንምከርበት፤ ሌላ ቀን ተመለሱ።»

ይህ እኮ ግማሽ እሺ ነው ልጄ! በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት ልጁን ከቤት ለማስወጣት የቸኮለ ይመስላል፤ ጎረቤቱም «ምን ጉድ አይተውባት ነው?» ይላል። የእናትሽ አባት የእኔን ሽማግሌዎች አራት ጊዜ አመላልሰዋቸዋል። በሦስተኛው ጊዜ ውሻው ሳይታሰር ቀርቶ የአጎቴ ሱሪ ተቀደደ። አጎቴ የተቀደደውን አሰፍተው በአራተኛው ያንኑ ሱሪ ለብሰው ሄዱ፤ ያን ጊዜ ነው «በሉ ተቀመጡ» የተባሉት። ሱሪውን እስኪሞቱ አልጣሉትም።

አንቺ ግን ያልሁትን ቃል በቃል ተረጎምሽላቸው። ጎበዝ ተማሪነትሽ እዚህ ላይ ጎዳን። አልፈርድብሽም፤ ሽማግሌ ሲመጣ ሴት ልጅ ጓዳ ናት፣ ሳሎን ምን እንደሚባል ከየት ትሰሚዋለሽ? ቀድሜ ያላስጠነቀቅሁሽ እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ሰውየውም ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙብኝ። ተቆጡ፣ ኩራተኛ ናቸው ብዬ እኔም በሆዴ ቅር ብሎኝ ነበር።

ያም ሆኖ ይመለሳሉ ብዬ፣ ሲመለሱ ስለ አገራቸው የማላውቅ ሆኜ እንዳላፍር ህንድን ማጥናት ጀመርሁ። መብራት ሲኖር በቴሌቪዥን፣ ሲጠፋ በሬዲዮ። አንቺ ጋሽ ምናለ የምትይው ምናለም እንደ ድሮው በረንዳችን ላይ የስፌት መኪናውን እየረገጠ አብሮኝ ያጠናል።

ምርጫቸውን ከዳር እስከ ዳር ተከታተልን። ስድስት ሳምንት ሙሉ ይመርጣሉ! ምናለ ፓርቲዎቹን የሚያውቃቸው በምልክታቸው ነው፤ አበባው፣ እጁ፣ መጥረጊያው፣ ብስክሌቱ ይላቸዋል። እሱ ራሱ የዝሆኑ ደጋፊ ሆኖ ከረመ። «ዝሆን ይዞ የሚሸነፍ አለ?» እያለ ደንበኛ ሁሉ ሲያሰለች ቆይቶ፣ የዛሬ ሳምንት ውጤቱ ሲነገር ዝሆኑ አንድ ወንበር አላገኘም። ምናለ ቀኑን ሙሉ መርፌ ሲሰብር ዋለ፤ የአንዲት ሴትዮ ቀሚስም እጅጌው ተገልብጦ ተሰፋ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያሸነፉት ፊታቸው ጠቁሮ፣ የተሸነፉት ሲጨፍሩ አየሁ። አሸናፊው የጠበቀውን ያህል ስላላገኘ ነው አሉ። ተሸንፎ የሚጨፍር ፖለቲከኛ ያለበት አገር ችግሩ የቱንም ያህል ቢበዛ መላ አያጣም ብዬ አሰብሁ። እኔ በዕድሜዬ የተሸነፈ ሲጨፍር አላየሁም፤ አሸናፊውም ቢሆን አያስጨፍረውም።

ከምርጫቸው ይልቅ ያስደነገጠኝ ጥሎሻቸው ነው። እዚያ አገር ጥሎሽ የሚሰጠው የሴቷ አባት ነው ለካ! ሕግ ከከለከለው ስልሳ ዓመት አልፎታል፣ ሰዉ ግን ዛሬም ይሰጣል አሉ። «ልጄን ሰጥቼ ፍሪጅም ልጨምር? ሕግ የማያከብር ሕዝብ!» ብዬ ቤት ገብቼ ጮህሁ። እናትሽ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል «ያለዕድሜ ጋብቻን የከለከለ ሕግ እኛስ የለንም? አንተ እኔን የወሰድከኝ በስንት ዓመቴ ነበር?» አለችኝ። ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁት።

በሌላ ቀን ደግሞ ለምናለ «እነዚህ ህንዶች እኮ ሰውን በዘሩ ደርድረው የታችኛውን ከጉድጓዳቸው ውሃ የማያስቀዱበት ቦታ አለ ይባላል» አልሁት፣ እየተጸየፍሁ። መኪናውን አቆመ። ከመነጽሩ በላይ አየኝና «ሐምዱ፣ አያትህ ሸማኔ አልነበሩም?» አለኝ። ነበሩ። እሳቸው በሸመኑት ጥበብ አጊጦ በዓል የሚወጣው ሰው ራሱ፣ በማግሥቱ «ይህ ሸማኔ» እያለ ሲያንቋሽሻቸው ኖሯል። ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያመኛል። ስለዚህ ከልጁ አጎት ጋር ይህ ወሬ ከተነሳ ከፍ ብዬ እንዳልቀመጥ ወስኛለሁ።

እናትሽ ደግሞ ህንድን የምታጠናው በአማርኛ በተተረጎመው ድራማ ነው። ከዚያ የተረዳችው ህንድ አገር ሁሉም ቤት ደረጃ እንዳለው፣ አማት ሁሉ ደግሞ ከደረጃው ላይ ቆማ ምራቷን እንደምታይ ነው። በግንቦት አንድ ቀን አማቲቱ ሻዩ ውስጥ መርዝ ጨምራ ምራቷ ስኒውን ስታነሳ መብራት ጠፋ። ለአራት ቀን አልመጣም። አራቱንም ቀን እናትሽ ያቺን ልጅ በዱዓ ስትጠብቃት ሰነበተች። አሁን አንድ ጥያቄ አላት፤ የሙሐመድሸሪፍ እናት ሻይ የሚያፈሉት ራሳቸው ናቸው ወይ? እባክሽ መልሺላት፤ እንቅልፍ ነሥታኛለች።

አንድ ነገር ግን ሳልስቅ ልጠይቅሽ። በዚያ አገር ስለ ሙስሊሙ የሚወራው አንዳንዱ ያስፈራኛል። ቤት ፈረሰ፣ ሱቅ ተቃጠለ ሲባል እሰማለሁ። ያ ወሬ ለእኔ የሩቅ አይደለም። በዚያ በክፉው ታኅሣሥ ሱቃችን ሲቃጠል አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርሽ፤ ታስታውሻለሽ። የጨርቁን ጣቃ በጀርባው እየተሸከመ ቤቱ ያስገባው፣ አንቺንና እናትሽን አልጋው ላይ አስተኝቶ እሱ በር ላይ ያደረው ምናለ ነው። ያቃጠሉትን ዛሬም አላውቃቸውም፤ ምናለን ግን አውቀዋለሁ። ስለዚህ የልጁን ሀብትም ሆነ ዲግሪ አልጠይቅም። የምጠይቀው ጎረቤታቸው ማን እንደሆነ ብቻ ነው። ሌላ ሃይማኖት ያለው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ በራቸው ላይ የሚያድርላቸው ሰው አላቸው ወይ? አላቸው ካልሽኝ ልቤ ይረጋል።

ይህን ሁሉ አጥንቼ ሰዎቹ ሲቀሩብኝ፣ ባለፈው ሐሙስ መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ቢቸና ሄድሁ። ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ፈንድቶብን ግማሽ ቀን ቆመናል። የሄድሁት መምህር ወልደ ኪዳን ዘንድ ነው፤ በጃንሆይ ጊዜ ህንድ መምህር ሂሳብ ያስተማራቸው ሰው ናቸው። ነገሩን ነገርኋቸው።

«ስንት ጊዜ መለስካቸው?» አሉኝ።

«አንድ ጊዜ ብቻ፤ ያውም በጨዋ ቃል።»

«ሰውየውስ ምን መለሱ?»

«ምንም። ራሳቸውን ወዘወዙብኝ።»

«እንዴት አድርገው? እስቲ አሳየኝ።»

አሳየኋቸው። ከወንበራቸው ሊወድቁ ደረሱ። «እሺ ብለውህ ነው እኮ አንተ ሰው! የእኛም መምህር እንዲሁ ሲወዘውዙ፣ ስንት ተማሪ ልክ የሆነውን መልስ እየሰረዘ ወደቀ መሰለህ? ‹አናውቃችሁም› ስትላቸው ‹እሺ፣ እንደ ፈቃዳችሁ› ብለው አክብረው ተዉህ። እነሱ ዘንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለመጠየቅ የሚሄደው የሴት ወገን ነው። አሁን አንተ ነህ የምትጠበቀው።»

ይታይሽ ልጄ፤ እኔ እዚህ፣ እሳቸው እዚያ፣ ሁለት ጨዋ ሰዎች ሦስት ወር ተከባብረን ልጆቻችንን ልናለያይ ነበር።

ስለዚህ አባትሽ በሞጣ ያልተደረገ ነገር አደረገ። የሴት አባት ሆኜ ሽማግሌ ላክሁ! እናትሽ «ሰው ምን ይለናል?» ብላ አንድ ቀን አኮረፈች፤ በማግሥቱ የምናለን ጋቢ ራሷ አጥባ ሰጠችው። አዎ፣ ይህን ደብዳቤ የያዘው ምናለ ሽማግሌ ሆኖ ነው የሚሄደው። መምህር ወልደ ኪዳን ቢቸና ላይ ይሳፈራሉ፣ እንግሊዝኛው በእሳቸው ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአብዱራዛቅ ቤት ይደውላሉ፤ የልጁን አጎት አዘጋጂልን። ምናለ እሺ እስኪባል አልቀመጥም ብሏል፤ ስልኩን ቆሞ ስለሚይዝ ምስሉ ቢንቀጠቀጥ አትገረሚ። ሰዎቹ እንቢ ቢሉም አይደነግጥም፣ ሱሪው ጠንካራ ነው። ራሳቸውን ከወዘወዙ ደግሞ ወዲያው እንዲቀመጥ ነግሬዋለሁ።

ያን ቀን ካልኋቸው ውስጥ «አናውቃችሁም»ም «እንምከርበት»ም ወግ ነበር። «ገና ልጅ ናት» ያልሁት ግን ወግ ብቻ አልነበረም መሰለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እንደሞላሽ እናትሽ በጣቷ ቆጥራ አሳይታኛለች፤ ቢሆንም። በጣም ናፍቀሽኛል።

የቀረው «ሞጣ አልመለስም» ያልሽው ነው። እናትሽ ይህን ሰምታ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔ ግን በላሁ። ወግ አውቃለሁና፤ የመጀመሪያ ቀን መልስ መልስ አይደለም። ይህን ደብዳቤ በአንቺ ደጅ የቆመ የእኔ ሽማግሌ አድርገሽ ቁጠሪው። ዛሬ ባታስቀምጪውም አይከፋውም፤ ሌላ ቀን ተመልሶ ይመጣል። አራት ጊዜም ቢሆን።

አላህ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ጎረቤት ይጠብቅሽ። እውቀትሽን የሚጠቅም፣ ደጅሽን የሚንኳኳ ያድርገው። መጪውን አረፋ በሰላም ያውልሽ፤ የከርሞውን ደግሞ የት እንደምትውይ እሱ ያውቃል፣ እኔም እለምነዋለሁ።

አባትሽ
ሐምዱ