የአያትህ በር ሦስተኛ ቅብ

ለምትናፍቀኝ ልጄ ለዳግም፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ፣ የልጅ ልጄ ሔራንዬስ? እኛ የአንኮበር ጉም ከማሰልቸቱ በቀር ደህና ነን፤ ክብሩ ይስፋ።

ለፋሲካ ስትመጡ እንዲያምርላችሁ የአያትህን ቤት በርና በረንዳ እያሳደስን ነው። ቀቢው ደምመላሽ ያረጀውን ቀለም ፍቆ፣ ጥዱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ መጀመሪያ ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን የዘይት ፕራይመር ቀባው። በሳምንቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። «ዘይቱ ድርቅ ስለሚል ነው፤ የውሃው ከእንጨቱ ጋር ይለጠጣል፣ ሽታም የለውም» ብሎ በውሃው ለወጠው። እውነትም ምንም አይሸትም፤ ደስ ብሎን ነበር።

ማክሰኞ ሌሊት ሰሃኖቹ መደርደሪያው ላይ ሲንቀጫቀጩ አባትህ «መኪና ነው» አለኝ። በደጃችን መኪና እንደማያልፍ ታውቃለህ። ጠዋት ስንጥቁ በዚያው መስመር ተመልሶ፣ ከበሩ አልፎ ግድግዳው ላይ ወጥቷል። ደምመላሽ ጣቱን ሰደደበትና «እትዬ፣ ይሄ የቅብ ጥፋት አይደለም» ብሎ ብሩሹን አጥቦ ሄደ። አባትህ ግን «አባቴ ያቆመው ቤት አይከዳኝም» እያለ ሦስተኛውን ቅብ ራሱ ጀምሯል። በሩ አልገጥም ስላለ ክፍቱን ትተነዋል። እኔም ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምተኛው፤ ብርዱ ነው።

ሔራንን ግን ደብረ ብርሃን አክስትህ ቤት አሳድራት። የቀለሙ ሽታ ደረቷን ይጎዳባታል።

ዓይናችሁን ለማየት ያብቃኝ።

እናትህ ወለተ ሥላሴ