አራሹ ማን ነበር

በቀለዬ፣ ሆዴ፣

ከተለየኸን ይኸው ዓመት ሞላ። አፈሩ ይቅለልህ፤ የላዩ ኑሮ ግን ለእኛ አልቀለለንም።

ቤቱ አንተ እንደተውከው አይደለም። በሬዎቹን ሸጥኳቸው። አሁን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደረጃ እጠርጋለሁ፤ ከላይኛው ፎቅ መስኮት ማሳችን ይታየኛል። ልጃችን ሜሮን የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲስ አብቅላለች።

ከኮንዶሚኒየሙ በኩል የወረደው ጎርፍ ጤፋችንን ጠርጎ የወሰደ ጊዜ፣ ለተጎዱ አራሾች መንግሥት ድጎማ ይከፍላል ተባለ። አንተ በዚያ ተስፋ ቆየህ። ሆድህን ይዘህ ስታቃስት «ሐኪም ቤት እንሂድ» እልሃለሁ፤ «ድጎማው ይምጣና እታከማለሁ» ትለኛለህ። ስንጠብቅ ቀበርንህ። የለቅሶው ድንኳን ሳይነሳ ገንዘቡ መጣ ተባለ።

መሬቱ እስከ ዛሬ በአባትህ ስም ስለሆነ፣ የድጎማው ቢሮ «አራሹ ማን እንደነበር ምስክር ይቅረብ» አለ። እኔ ደስ አለኝ። ሞፈር ተሸክመህ ስትወጣ ያላየህ ማን አለ? የተሰነጠቀ መዳፍህን ማታ ማታ ቅቤ የምቀባው እኔ አልነበርኩም? በምስክሩ ቀን ወንድምህ ደሳለኝ ከሰሚት በመኪናው መጣ። ለቅሶህ ላይ ደረቱን ሲደቃ የዋለው ሰው፣ ጥቁሩን እንኳ ሳያወልቅ፣ በሰው ሁሉ ፊት «መሬቱ የእኔ ነው። በቀለን እንዲያርስልኝ ቀጥሬው ነበር» አለ።

ቀጥሬው! ሳቄ መጣ፣ እመነኝ። ሰውም የሚስቅ መስሎኝ ዞር ስል ጋሽ ታዬ አቀርቅረዋል። በየዓመቱ ከአውድማችን ቀድመው የሚቀምሱት፣ አንተ እንደ አባት የምታያቸው ጎረቤታችን። ለካ ልጃቸውን ሥራ ያስገባላቸው ደሳለኝ ኖሯል። ሲጠየቁ «አዎ፣ ቅጥር ነበር» አሉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

«ጋሼ፣ እግዜርን አይፈሩም?» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ የሞተ አይበላም። ያለነው እንኑርበት» አሉኝ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው።

ገንዘቡ ለደሳለኝ ተከፈለ።

ባለፈው እሁድ ደሳለኝ የሙት ዓመትህን ተዝካር ሰሚት ግቢው ውስጥ አወጣ። በሬ ጣለ፣ ካህናት ጠራ፤ ወንድሙን እንዴት አከበረው ተባለለት። እኔ ላልሄድ ምዬ ነበር። ግን ቤታችን ዱቄት ካለቀ ሰንብቷል፤ ሜሮን «እማ፣ የአባዬ አይደል እንዴ? እኔ አልበላም?» ስትለኝ መሐላዬን ዋጥኩት።

ሚስቱ በጓሮ በር አስገብታ ከሠራተኞቹ ጋር አስቀመጠችን። ጋሽ ታዬ ከካህናቱ አጠገብ ተቀምጠው ይጎራረሳሉ። ሜሮን አጥንቱን ጋጠች፣ ጣቶቿን ላሰች። እኔም በላሁ፣ በቀለዬ። ጣፈጠኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንተ ብቻ ነው።

ስንወጣ ደሳለኝ በሩ ላይ ቆሞ እንግዶች ይሸኛል። «ጠገባችሁ?» አለ፣ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ። እኔ ፊቴን አዙሬ አለፍኩ። ሜሮን ግን አንተ እንዳስተማርካት ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልን፣ አጎቴ» አለችና እጁን ሳመች። ራሷን ዳበሳት።

አልረሳህም፣ ሆዴ። ሌላው ቅጥር ይበልህ፤ በእኔ ቤት አራሹ አንተ ነህ። ሜሮንም ከፍ ስትል ሁሉን እነግራታለሁ። እጁን የሳመችው ሰው አባቷን ምን እንዳደረገው፣ አንዱንም ሳላስቀር እነግራታለሁ።

ሚስትህ አለሚቱ