“ከወንዝ በተለቀመ ሃይላንድ ወተት አትሙሉ” ያሉት የወይዘሮ ገለቴ ቦሩ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ገለቴ ቦሩ ከአባታቸው ከኦቦ ቦሩ ዋቆ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጅቱ ኢርኮ በግንቦት ወር 1961 ዓ.ም. ፉሪ ተወለዱ። ከሰባት ልጆች ሦስተኛ ነበሩ። ይህን የጻፍኩት ታናሽ ወንድማቸው ኩምሳ ነኝ።

ትምህርታቸውን በዓለም ገናና በሰበታ ተከታትለው በ1982 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ሙያ ተመረቁ። ሰበታ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ተቀጥረው ሃያ አምስት ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው አገለገሉ። በ1985 ዓ.ም. ከአቶ ጎበና ጂማ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሄመንንና ጋሮማን ወልደዋል።

በ2006 ዓ.ም. ክረምት ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት በዙ። እኅቴ እናቶቹን አንድ በአንድ ጠይቀው፣ ሁሉም ወተት የሚገዙት በሃይላንድ መሆኑን፣ ሃይላንዱም ከወንዝ ተለቅሞ፣ ለቅለቅ ተደርጎ የሚሸጥ መሆኑን ደረሱበት። በዕረፍት ቀናቸው ወንዝ እየወረዱ ውሃውንም ፕላስቲኩንም መረመሩ። ውሃ ውስጥ በሰነበተ ፕላስቲክ ላይ ዓይን የማያያቸው ተህዋስያን ተደራርበው ይሰፍራሉ፤ ተያይዘውም የሚያሙለጨልጭ ልባስ ይሠራሉ። ውሃው ውስጥ ጥቂት የነበረውን የተቅማጥ ተህዋስ ልባሱ ውስጥ ተጠልሎ፣ ተራብቶ አገኙት። በሳሙና ማለቅለቅ አያስለቅቀውም። አንዳንዱንም የተለመደው መድኃኒት አልገደለውም።

ይህንኑ ጽፈው ለአንድ የከተማ ኃላፊ ሰጡ። ኃላፊው “አገር በሚታመስበት ሰዓት ስለ ልጋግ ሪፖርት ይጻፋል?” ብለው መለሱላቸው። ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት እየዞሩ ለወተት ሻጮችና ለሃይላንድ ነጋዴዎች ተናገሩ። የሰሟቸው የዓለም ገናው ባለሱቅ አቶ ሸምሰዲን ብቻ ነበሩ፤ ያከማቹትን ሃይላንድ በሙሉ ቆራርጠው ጣሉት። ሌላው ገበያችንን ልትዘጋ ነው አለ፤ ሰላምታም ነሳቸው።

በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ማስተር ፕላኑ መሬታችንን ሊወስድ ነው ተብሎ ወጣቱ አደባባይ ወጣ። እኅቴ በዚያ ሰሞን ብልቃጣቸውን ይዘው ወንዝ ዳር ነበሩ። መሬት ቀያሽ ነች ተብሎ ተወራባቸው፤ ይህን ያስወራው ወጣቱ አይደለም። ያስወሩት ሃይላንድ የሚነግዱ፣ የገዛ ዕድራችን አባላት ናቸው። የወጣቱ ቁጣ ይገባኛል፤ የእኛም ማሳ ችካል ተተክሎበት ነበር። እኅቴ ለከበቧቸው በኦሮምኛ “መሬት አልለካሁም፤ ልጆቻችሁን የሚያሳምመውን ነው የምፈልገው” አሏቸው። የተወረወረው ድንጋይ ግራ ዓይናቸውን አጠፋው።

በሳምንቱ ደግሞ ፖሊስ ሕፃናት የታመሙባቸውን መንደሮች ስም የጻፉበትን ደብተር አገኘና ሁከት አነሳስተዋል ብሎ አምስት ወር አሰራቸው። ዕድሩም ስብሰባ አልተገኙም ብሎ ስማቸውን የሰረዘው እስር ቤት ሳሉ ነው። ዛሬ የተቀመጣችሁበት ድንኳን የኪራይ የሆነው ለዚህ ነው።

ከእስር ሲወጡ ኩላሊታቸው ተጎድቶ፣ ሥራቸውም ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። ቢሆንም በራቸውን ላንኳኳች እናት ሁሉ ወተት እንዴት እንደሚፈላ፣ በምን እንደሚያዝ ያስረዱ ነበር። አንድ ቀን የመጡት ድንጋዩን የወረወረው ልጅ እናት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው። ሕፃኑ ከማልቀስ እንኳ ደክሞ ነበር። እኅቴ አስገቧቸው፤ በአንድ ዓይናቸው እያዩ ስኳርና ጨው በጥብጠው በማንኪያ አጠጡት፤ ከዚያም ራሳቸው ሐኪም ዘንድ አደረሷቸው። እኔ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ተነስቼ ወጣሁ። ሕፃኑ ድኗል።

ወይዘሮ ገለቴ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 14 ቀን 2010 ዓ.ም. በአርባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ሌላ አራት እኅትና ወንድሞች ተርፈናል። ያስወሩባቸውን ሰዎች ስም እዚህ እንዳላነብ ሄመን ፊት አስምለውኛል፤ ስለዚህ አላነብም። ስማችሁን ግን ታውቁታላችሁ።

እግዚአብሔር የእኅቴን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። እሳቸው ይቅር ብለዋችሁ ነው የሄዱት። እኔ ገና ነኝ።