ለደረት ሐኪም ስለ ሆድ ያልተናገሩት አቶ ሽታው ወልዴ

አቶ ሽታው ወልዴ ከአባታቸው ከአቶ ወልዴ ይማም እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘርፌ አሊ በ1952 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ከግሸን ግርጌ ካለች መንደር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሐይቅ እስጢፋኖስ ፊደልና ዳዊት ተምረው፣ ቀጥሎም በሐይቅ ከተማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ዘለቁ። በ1982 ዓ.ም. ከወ/ሮ የሺሀረግ ይመር ጋር በቃል ኪዳን ተጋብተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ከአቶ ኸሚስ ጋር በሽርክና በሐይቅ ያቆሙትን ወፍጮ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተውበታል። ሞተሩ ሲታመም በድምፁ ያውቁ ነበር። ወደ ገዛ ሕመማቸው ሲመጣ ግን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰው ያሰለቹ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ሆዳቸውን ይቆርጣቸው፣ ደም ያስቀምጣቸው ጀመር። ይህን የሚያውቁት ወ/ሮ የሺሀረግ ብቻ ነበሩ፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉም ተነግሯቸዋል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሳል መጣ። ሳል አያሳፍርምና እሱን አገር ሁሉ አወቀው። ጎረቤቱ በሙሉ ሐኪም ሆኖ "ዱቄቱ ነው" አለ። የሳንባ ነቀርሳ ይሆናል ተብሎም መድኃኒት ወስደው ጨረሱ፤ ሳሉ ንቅንቅ አላለም። ሐኪሞቹ "ሌላ የሚያምዎት አለ?" ይላሉ፤ አቶ ሽታው "ተመስገን፣ ሌላ የለብኝም" ይላሉ፤ ወ/ሮ የሺሀረግ አጠገባቸው ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ለደረት ሐኪም ስለ ሆድ ማውራት ነውር ነው ያላቸው ማን እንደሆነ ለቤተሰቡ እስከ ዛሬ አልገባውም።

በ2010 ዓ.ም. አገሩ ሁሉ ስለ ለውጥ ሲያወራ፣ እሳቸው ዱቄቱን ሸሽተው የሚወዱትን ወፍጮ ለአቶ ኸሚስ ለቀቁ። ሳሉ ቤት ድረስ ተከተላቸው።

በ2012 ዓ.ም. ደሴ ላይ አንዲት ሐኪም ያንኑ ጥያቄ ጠየቋቸው፤ ያንኑ መልስ ሰጡ። ወ/ሮ የሺሀረግ ከዚህ በላይ አልቻሉም። "ዶክተር፣ ይዋሻል። ስድስት ዓመት ሙሉ ደም ያስቀምጠዋል" አሉ። ሐኪሟ ከምርመራ በኋላ አንጀታቸው ተቆጥቶ መቁሰሉን፣ እንዲህ ያለው ሕመም አንዳንዴ ሳንባንም እንደሚያስቆጣ፣ የሆዱና የደረቱ ነገር ከአንድ ምንጭ መሆኑን አስረዷቸው። አቶ ሽታው ከደሴ እስከ ሐይቅ ፊታቸውን ወደ ሚኒባሱ መስኮት አዙረው ባለቤታቸውን እንዳኮረፉ ደረሱ። መድኃኒቱን ግን ዋጡ፤ ሳሉም ጋብ አለ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ግሸንን በእግራቸው ወጡ። አቶ ኸሚስም "ወላሂ፣ ድሮም ያንተ ነው" ብለው ወደ ወፍጮው መለሷቸው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ቤተሰቡ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደ፤ መድኃኒቱም እዚያ አለቀ። መጠለያው ውስጥ ሐኪም ዞሮ ሲጠይቃቸው፣ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" አሉ። መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ነበር። በሰው ፊት ደጋግመው ከመሰለፍ እህል መተዉን መረጡ። ወደ ሐይቅ ሲመለሱ መድኃኒት ቤቱ ተዘርፎ ባዶውን ቆሞ ነበር። ሆዳቸው አገረሸ፣ ደረታቸውም ተከተለ፤ ሐኪም ዘንድ የደረሱት እጅግ ዘግይተው ነበር። ግንቦት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸው ወ/ሮ የሺሀረግና ሦስት ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። ስለ ሆዳቸው የተጻፈው እንዲቀር የለመኑ ዘመዶች ነበሩ። ወ/ሮ የሺሀረግ አንዲት ቃል እንዳይዘለል አደራ ብለዋል። ከሦስቱ ልጆች አንዱ ሰሞኑን ከማዕድ እየተነሳ ወደ ጓሮ ይመላለሳል፤ ሲጠየቅም "ደህና ነኝ" ይላል። ማንነቱ እዚህ አይነገርም። ሰልስቱ እንዳለፈ ግን እናቱ ይዘውት ደሴ ይሄዳሉ፤ ልጅ ካልተናገረ እሳቸው ይናገራሉ።

እግዚአብሔር የአቶ ሽታውን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ ለቀረነውም የሚያመንን የምንናገርበት አፍ ይስጠን።