የዘለሏት መስመር

ካርቱም፣ ሳጃና
ጥቅምት 2001 ዓ.ም.

ለሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣

አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ። ጤናዎ እንዴት ነው? የደሴ ብርድ ሲገባ ያ የጉልበትዎ ሕመም አይነሳብዎትም ወይ? ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ከወገቤ ውጋት በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ኅዳር ሊገባ ነው፤ ካርቱም ግን ዘንድሮ አልበርድ ብሎ አሁንም ደጅ ነው የምንተኛው።

ደብዳቤዎን በመተማ በኩል ዕቃ የምታመላልሰው ሉጥፊያ አድርሳልኛለች። ለሐጅ መነሳትዎን ሰማሁ። ዓይንዎን ሞራ ስለጋረደው የሚጽፍልዎትም የሚያነብልዎትም አማችዎ ረሺድ እንደሆነ ሰማሁ። አላህ ያሽርዎት። ከመሄድዎ በፊት ይቅር ብዬ አውፍ እንድልዎት፣ የእነዚያንም ሴቶች አውፍታ ዞሬ እንድሰበስብልዎት ጠይቀውኛል። ልክ ነዎት። የራሱን ሐቅ አላህ ይምራል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልለቀቀው ካዕባን ቢዞሩም ከትከሻ አይወርድም።

አንድ ቃል ብቻ አልተዋጠልኝም። «ገንዘቡን የበላው ቡርሳው ነው፤ ገበያ ይሰጣል፣ ገበያ ይነሳል» ብለዋል። እንግዲያው ስለ ቡርሳው፣ ስለ አክሲዮን ገበያው ትንሽ እናውራ።

ከስምንት ዓመት በፊት በዚችው ክፍል እርስዎ እኛን አሥራ አንድ ሴቶች ሰበሰቡን። ሁላችንም የሰው ቤት ሠራተኞች ነበርን። የአክሲዮን ነው ያሉትን የዐረብኛ ወረቀት ዘርግተው በአማርኛ አነበቡልን፤ «ከመቶው በየወሩ አሥር ይሰጣል» አሉ። ኒዕማ ዕጣው መቼ ነው የሚወጣው ብላ ጠየቀች። «ኒዕማ፣ ይሄ እኮ ዕቁብ አይደለም። ዕቁብ ላይ አንዷ ስትስቅ አሥሩ ያዛጋሉ። ቡርሳ ላይ ሁላችሁም በየወሩ ይወጣላችኋል» አሏት። ሬሕማ ደግሞ «እንግዲያማ የዛሬ ዓመት ማዳሜን እኔ ነኝ የምቀጥራት፤ መስኮቱን እሷ ትወልውል!» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴ ሳሊህም ሳቀ። ከዚያ «ወንድሜ ነው፣ ዋሱ እኔ ነኝ» አላቸው። ገንዘባቸውን የሰጡት ለእርስዎ አይደለም፤ ለዚያ ቃል ነው።

እኔ ሻይ ይዤ ከትከሻዎ ኋላ ቆሜ ነበር። የዐረብኛውን ፊደል ልጅ ሆኜ ቁርኣን ስቀራ ያወቅሁት ነው፤ በየሰው ቤት መደርደሪያ ላይ ከሚነጠፍ ጋዜጣ ጋርም ለብቻዬ ስታገል ከርሜ ነበር። እርስዎ አሥር ካሉበት ላይ አሥር የለም። ከሥሩ ግን አንዲት መስመር አለች፤ «ትርፍም ኪሳራም ሊኖር ይችላል» ትላለች። እሷን ዘለሏት። ያልተማረች ሴት ዓይን ነው አልኩና ሻዩን አስቀመጥኩ።

በአምስተኛው ወር የማጸዳበት ቤት ሽማግሌ የነበሩትን ሐጂ ኦስማንን ጠየቅኋቸው። ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሥራ የጨረሱ ሰው ናቸው። ሳቁብኝ። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ቡርሳ በዓመት ከመቶው አሥር አሥራ ሁለት ከሰጠ አልሐምዱሊላህ ነው። አንዳንዱ ዓመት ከዋናውም ይቆርሳል። በየወሩ አሥር የሚሰጥሽ ሰው የጎረቤትሽን ገንዘብ ነው የሚሰጥሽ» አሉኝ።

ያን ዕለት ወደ ሴቶቹ መሄድ ነበረብኝ። ወደ እርስዎ መጣሁ። ገንዘቤን ይስጡኝ ስል ፊቴን አዩና «አንቺ ብልጥ ነሽ፤ ለሌሎቹ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ» ብለው ስድሳ ሺህ ዲናር አወጡልኝ። የታሰረው የሱዳን ሴቶች ከሚከናነቡት ከቶብ በተቀደደ አረንጓዴ ቁራጭ ነበር። ያን ጨርቅ አውቀዋለሁ። ከአሥራ አንዳችን አንዷ ዘሊካ ካላክላ ሰፈር ዘጠኝ ዓመት ልብስ አጥባ ያጠራቀመችውን፣ ኮምቦልቻ ቤት ልትሠራበት የነበረውን ገንዘብ፣ ለእርስዎ ልትሰጥ በዋዜማው ከቶቧ ጫፍ ቀድዳ ስታስር አጠገቧ ነበርኩ። ጨርቁን አውቄ ወሰድኩ። ትንፍሽም አላልኩ።

በስምንተኛው ወር እርስዎ ከካርቱም ጠፉ። ሴቶቹ የሳሊህ ደጃፍ ላይ ቆሙ። አንዳቸውም አልሰደቡትም፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። መስጊድ መሄድ ተወ፣ ከዚያ ምግብ ተወ፣ በዓመቱ ሞተ። ገንዘቤን ማውጣቴን ሳያውቅ ሞተ። ዘሊካም እዚያው ካላክላ ልብስ ማጠቧን ቀጥላ የክረምቱ ወባ ወሰዳት።

ያን ስድሳ ሺህ መብላት አልቻልኩም። በሐጂ ኦስማን በኩል እውነተኛ አክሲዮን ገዛሁበት፤ እያንዳንዷን መስመር ራሴ አንብቤ። አንዱ ዓመት ከመቶው አሥራ አራት ሰጠ። አንዱ አራት። አንዱ ዓመት ከዋናው ቢቀንስብኝ ሦስት ቀን ታምሜ ተኛሁ። በሰባት ዓመት፣ ዲናሩ ቀርቶ በመጣው በአዲሱ የሱዳን ገንዘብ፣ በጊኔ፣ ስድስት መቶ የነበረው አንድ ሺህ መቶ ሆነ። እጥፍ እንኳ አልሞላም፤ የኑሮ ውድነት የበላውን ደግሞ አልቆጠርኩም። እርስዎ በአሥር ወር እጥፍ ብለውን ነበር። ገበያ የሚሰጠው ይህን ያህል ነው ጋሼ፤ የሚነሳም ከሆነ በአደባባይ ይነሳል እንጂ በጨለማ ሻንጣ ይዞ አይሄድም።

እንዳዘዙኝ ዞሬያለሁ። ሬሕማ ለአላህ ብዬ ትቼለታለሁ አለች። ኒዕማ «ይምጣና ዕጣዬን ያውጣልኝ» ብላ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ አውፍ አለች። ሌሎቹም አሉ። የቀረችው የዘሊካ ልጅ መሪማ ናት። አንድ ሺህ መቶውን ከአረንጓዴው ጨርቅ ጋር ፊቷ አስቀምጬ የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳት። አማርኛዋ እዚህ ያደገች ልጅ፣ ዐረብኛ የተቀላቀለበት አማርኛ ነው፤ «ኻልቲ፣ አክስቴ፣ አንቺን ኸላስ፣ በቃ፣ አውፍ ብያለሁ። እሱን አላውቀውም። የእናቴን ሐቅ ከእሱ ላይ አንቺ ያዢው» አለችኝ። ስለዚህ አሁን የዘሊካም ሐቅ፣ የሳሊህም ሐቅ፣ ያለው እኔ እጅ ነው።

ሉጥፊያ ሌላም ነገር ነግራኛለች። እርስዎ ከዐረብ አገር ከተመለሱ የደሴ ሴቶች ገንዘብ እየሰበሰቡ ነው አሉ። ዘንድሮም ከመቶው በየወሩ አሥር ነው አሉ። ደብዳቤ ሲመጣልዎትም እንግዳ በሞላበት ጮክ ተብሎ ይነበባል አለችኝ፤ ሰው ሁሉ እንዲያከብርዎት። እኔም ይህን ደብዳቤ ከሽኝት ዱዓው ቀን በፊት እንዳትሰጥ፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ እንድትሰጥ አስምያታለሁ።

ረሺድ ልጄ፣ አደራ እዚህ ላይ እንዳታቆም። ብታቆም ሉጥፊያ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ይዛ የደሴዎቹ ሴቶች መሐል ተቀምጣለች፤ ፊደል ያስቆጠርኳትም እኔ ነኝ።

ጋሼ፣ አውፍ የምልዎት በአንድ ነገር ነው። አሁኑኑ ተነስተው «ገበያ በዓመት የሚሰጠውን በየወሩ እሰጣችኋለሁ ብዬ ዋሽቻችኋለሁ» ይበሉና የሰበሰቡትን ለየባለቤቱ ይመልሱ። ሉጥፊያ በጆሮዋ ከሰማች የያዝኩትን ሐቅ ሁሉ ለቅቄያለሁ። ካልሰማች ግን አልለቀቅኩም። ይሂዱ፣ ይዙሩ፣ ይመለሱ፤ እኔ የትም አልሄድም።

አላህ ዓይንዎን ያብራልዎት። እስከዚያው ጆሮዎን አይንሳዎት።

የወንድምዎ ሚስት

ረሺድ ልጄ፣ አንድም መስመር ሳትዘል ስላነበብክ አላህ ይስጥህ።