“እሺ”ን ከማሽን ላይ የነቀሉት እትዬ እሳት

እትዬ እሳት ከበያጅ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1958 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከአፋቸው እጃቸው የሚቀድም ሰው ነበሩና፣ እሳቸውና አንድ ታናሽ ወንድማቸው ከፊደል በፊት የተማሩት በቀበቶ ጫፍ “እሺ” ማለትን ነው። ወንድማቸው እንደተማረው “እሺ” ባይ ሆኖ ቀረ። እሳቸው ግን እምቢ ባይ ሆነው አደጉ፤ “እሳት” የተባሉትም ሁለተኛ ክፍል ሳሉ የአንድ ጉልበተኛ ጥርስ አውልቀው ነው።

በ1982 ዓ.ም. በሒሳብ ተመርቀው፣ የፋብሪካ መካኒክ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ወንድማቸው በሚሠራበት ቆርቆሮ ፋብሪካ የማሽኖቹን ሶፍትዌር ይጽፉ ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 1993 ዓ.ም. ወንድማቸው የተቀረቀረ ቆርቆሮ ሊያወጣ ቀኝ እጁን የቆርቆሮ መጭመቂያው ማሽን ውስጥ እንዳስገባ፣ ስክሪኑ ላይ “ስህተት ተፈጥሯል። እሺ?” የሚል ጽሑፍ መጣ። ለእሱ “እሺ” ማለት ሰምቻለሁ ማለት ነው፤ ለማሽኑ ግን ውረድ ማለት ነበር። በግራ እጁ ተጫነው። ሃያ ቶን ብረት ክንዱን ከነትከሻው ጨፈለቀው፤ ደሙ ጣሪያ ነካ። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ፋብሪካው “የሠራተኛ ስህተት” ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል፣ እትዬ እሳት አጣሪዎቹ ፊት ቆመው “ስህተቱ የእሱ አይደለም፣ የኔ ነው። ያንን ‘እሺ’ የጻፍኩት እኔ ነኝ” አሉ። ይህን የሰማችው የሟች ሚስት፣ ይህን ጽሑፍ የምታነብላችሁ ማለት ናት፣ ወንበር አንስታ ግንባራቸውን ፈነከተችው። ደሙን በመዳፋቸው ጠርገው “መጀመሪያ መዝገቡን አስተካክሉ” አሉ። ተስተካከለ። ይቅርታ ሳትጠይቃቸው መቅረቷ ዛሬ ያንገበግባታል።

ሥራ አስኪያጁ ሲያባርራቸው በመዶሻ ስክሪኖቹን አድቅቀው ሦስት ወር ታሰሩ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ከፋብሪካ ፋብሪካ እየዞሩ “እሺ”ን ነቅለው፣ “ብረቱ ሊወርድ ነው፤ እጅህን አውጣ” ብለው ጻፉ። “ያልታወቀ ስህተት” ብሎ የጻፈ ፕሮግራመር ካገኙ ኪቦርዱን ነጥቀው፣ “ካላወቅኸው ምን አንቀዠቀዠህ? አጣራና ጻፍ!” እያሉ በዚያው ይነርቱት ነበር።

በጉበት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ የወንድማቸው ሁለት ልጆችና ሚስቱ በሐዘን ቀርተዋል።

አስከሬናቸውን ተሸክመው የመጡት ስድስት የመጭመቂያ ሠራተኞች ናቸው። እጃቸውን ቁጠሩ፤ አሥራ ሁለት ነው።

የጥፋታቸውንም የቁጣቸውንም ምክንያት የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን። አሜን።