የአያ ታከለ አውራ ጣት

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ይግባኙን እንደገና እየጻፍኩት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ ግማሹን ገጽ በላብኝ።

ጉዳዩ ላይ ላዩን ቀላል ነው። አያ ታከለ ከዳባት በላይ ያሉ ገበሬ ናቸው። ታመው የተኙ ጊዜ እርሻቸውን ለአበልጃቸው ለፈንታ በእኩል እንዲያርሰው ሰጡት። ዳኑ። እርሻዬን ሲሉ ፈንታ ለዘለቄታው ሰጥቶኛል አለ፣ ምስክርም አቆመ። ወረዳ ፍ/ቤት ፈረደለት። ይግባኙ እዚህ ደባርቅ፣ ከፍተኛ ፍ/ቤት ነው። ጊዜው በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ያበቃል። ካለፈ ያ ሁሉ የገብስ መሬት ሄደ ማለት ነው።

የምሠራላቸው ጠበቃ ጋሽ ምናሴ ጎንደር ናቸው፤ ባለቤታቸው ሆስፒታል ተኝተዋል። ቢሮው በእኔ እጅ ቀረ። እኔ ደግሞ ፈቃድ የለኝም። የፈቃድ ፈተናው መቼ እንደሚሰጥ እንኳ የሚነግረኝ አጣሁ። መጻፍ እችላለሁ፣ ችሎት መቆም አልችልም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ምን ነካኝ ግን?

አያ ታከለ ገበያ ብለው መጡ። አነበብኩላቸው። አንጀቴን አራስሽው አሉኝ። በአውራ ጣታቸው እንዲያትሙ ቀለሙን ሳቀርብላቸው እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ከተቱት።

ለካ ግዝት ላይ ናቸው! የእሳቸውም የፈንታም የነፍስ አባት ቄስ አድማሱ ናቸው። አበልጅ ከአበልጅ አይካሰስም ብለው፣ ሽማግሌ ነገሩን ሳይጨርስ ማንም ማንንም ዳኛ ፊት እንዳይጠራ ገዝተዋቸዋል። ሽማግሌዎቹ መቼ ይቀመጣሉ ብዬ ጠየቅኩ። ፈንታ መጀመሪያ ላሜ ልትወልድ ነው አለ። ቀጥሎ ተዝካር አለብኝ። አሁን ደግሞ ሚካኤል ይለፍና ሰኞ ይሁን ብሏል። ሰኞ! ዓርብ ካለፈ በኋላ! ቀኑን ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ግን ያውቃል።

እኔ ሞኟ ግዝትን ሕግ አያውቀውም አልኳቸው። ተነሡ።

«የኔ ልጅ፣ ሕግሽ መሬቴን ይመልስልኝ ይሆናል። ስሞት የሚፈታኝ ግን እሱ አይደለም።»

ሄዱ። ሻያቸውን እንኳ አልጨረሱትም።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ጋሽ ምናሴ ደወሉ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ነገርኳቸው። ሳቁና ፋይሉን ክፈቺ አሉኝ። ከፈትኩ። ባዶ ወረቀት፤ ከግርጌው የአያ ታከለ አውራ ጣት አሻራ።

ከሩቅ የሚመጣ ባለጉዳይን ሁሉ እንዲህ አስፈርመው ያስቀምጣሉ። መንገድ ሲዘጋ፣ ወንዝ ሲሞላ ቀን እንዳያልፍበት። በክፋት አይደለም። ስንቱን ከጉድ አድኖታል ይላሉ። እሱ ላይ አትሚና አስገቢ አሉኝ። አያ ታከለ መጀመሪያ ይቆጣሉ፣ ኋላ ይመርቁሻል። ያለፈ ቀን በመስቀል አይመለስም፣ አንቺ ልጅ! ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

እውነታቸውን ነው።

እውነታቸውን አይደለም።

የክፍላችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ትዝታ የጥብቅና ድርጅታቸውን ፎቶ ለጥፋለች። አዲሱ አዋጅ ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት እንዲያቋቁሙ ከፈቀደ ወዲህ አዲስ አበባ እንዲህ ሆኗል፤ ሊፍት፣ መስታወት። አንዱ አንቺስ ደባርቅ ከጭላዳ ዝንጀሮ ጋር ነው የምትከራከሪው ብሎ ጻፈብኝ። የሳቅ ምልክት ላክሁለት። አልሳቅሁም።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ወረቀቱን ፕሪንተሩ ላይ ጫንኩት። አወጣሁት። ጫንኩት። ቁርስ አልበላሁም፣ ምሳም።

ባላስገባ መሬታቸውን ያጣሉ፣ በእኔ ምክንያት። ባስገባ ሰውዬው ሳያውቁ ግዝት አፈረሱ፣ በእኔ ምክንያት። የሥነ ምግባር ኮርስ ኤ ነበር ያመጣሁት። ይሄ ጥያቄ ግን የትኛው ፈተና ላይ ነበር?

ስሚኝ ማስታወሻዬ። ነገ ዳባት እሄዳለሁ። ወረቀቱንም ይዤው።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

ኅዳር ሲታጠን ስለሆነ መንገዱ ሙሉ ጭስ ነው። በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። ሚኒባሱ ውስጥ ሁላችንም እንስላለን።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ቄስ አድማሱን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ካለው ጽድ ሥር አገኘኋቸው። አያ ታከለም አጠገባቸው ነበሩ። ፈንታ ከሩቅ አየኝና ጮኸ፦ «ጠበቃዋ መጣች! ለበዓሉ ነው ወይስ ለነገር?» ሰው ሳቀ።

መስቀል ተሳልሜ ለቄሱ አስረዳሁ። ነገ ዓርብ ካለፈ ሰኞ የሚቀመጠው ሽማግሌ ለፈንታ ብቻ ነው የሚጠቅመው አልኳቸው። ይግባኙ ቢገባም እርቁ አይቀርም፣ አሁን ፍ/ቤቶች ራሳቸው በአስማሚ ጨርሱ እያሉ ነው አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ ዳኞቹም ሽማግሌ ሆኑ በይኛ! ገበያችንን ሊዘጉት ነው፤» አሉ ቄሱ።

ግን ግዝቱን አልፈቱም። ሰኞ ተብሏል አሉ።

ያኔ ወረቀቱን አውጥቼ ለአያ ታከለ ሰጠኋቸው። ይቺ የእርስዎ ጣት ናት፣ በእሷ ሳልነግርዎት ማስገባት እችል ነበር አልኩ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩ። ለምን እንዳላደረግሁት ጠየቁኝ። እርስዎ እሺ አላሉኝማ አልኳቸው።

ቅጥሩ ሥር ወደሚነደው ቆሻሻ ሄዱና ጣሉት። ሲመለሱ አውራ ጣታቸውን እያዩ «ተመለሰችልኝ» አሉ። ቄስ አድማሱ ሁሉንም አዩ።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። ነገ ዓርብ ነው። ለጋሽ ምናሴ ምን ልላቸው ነው?

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ጠዋቱን ሙሉ የፍ/ቤቱ በር ላይ ቆሜ አረፈድኩ። ማንም የለም። ሬጅስትራሩ ለምሳ ዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ከአንድ ሚኒባስ ወረዱ። ከኋላቸው አያ ታከለ። ከእሳቸውም ኋላ ቄስ አድማሱ!

ትናንት ከሄድኩ በኋላ ቄሱ ፈንታን ጠርተው ሰኞ ቀርቶ ነገ ጎህ ሲቀድ እንቀመጥ ብለውት ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ውርጩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። አልመጣም። ልጁን ልኮ ወገቤን አሞኛል አለ። ልጁ ደግሞ አባቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲወቃ እንደነበር አፉ አመለጠው።

«ከሽምግልና የሸሸ ግዝቱን እሱው ፈታው፤» አሉ ቄሱ። ጥበቃው ሊፈትሻቸው ሲል መስቀሉ ላይ ደርሶ ግራ ገባው። ፈትሽ እንጂ፣ የኔ መሣሪያ ይሄ ነው አሉት። እዚያው በሩ ላይ አያ ታከለ ጎንበስ አሉ፤ እግዚአብሔር ይፍታህ ተባሉ።

የይግባኙን ጽሑፍ ግንቡ ላይ ዘረጋሁት። መጀመሪያ አንብቢልኝ አሉ። ጊዜ የለም ልል ነበር። አነበብኩላቸው፣ ከላይ እስከ ታች። ከዚያ ጣታቸውን ራሳቸው ቀለሙ ላይ ጫኑት።

ብቻቸውን ገቡ። ፈቃድ የለኝምና እኔ ውጭ ቀረሁ። ሊዘጋ ሲል ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዘው ወጡ። ተፈረደ ማለት አይደለም። ክርክሩ ገና ነው። ግን ገባ!

አሁን ቢሮ ነኝ። ካቢኔቱን ከፍቻለሁ። ስንት ጣት አለ እዚህ! የጃናሞራ ሰው፣ የቡይት ራስ ሰው፣ ሁሉም ከባዶ ወረቀት ግርጌ። ባለቤቶቹ ገበያ በመጡ ቁጥር አንድ በአንድ እመልስላቸዋለሁ። ጋሽ ምናሴንም ሳልነግር አላደርገውም። ሥራዬን ቢነጥቁኝ ይንጠቁኝ።

ስልኬ ጠራ። እሳቸው ናቸው። አነሣዋለሁ።